ውግዘት ያረፈበት የዘንዶ መጽሐፍ

ይሄን ስሙኝማ። አንድ የእንግሊዝኛ ፋንታሲ ልብወለድ አለኝ፤ በጥቂት ቅጂ ብቻ የታተመ፣ ደራሲው በእጁ የፈረመበት። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚሰበስብ አንድ ሰው ጭረት ከሌለበት በጥሩ ዋጋ እወስደዋለሁ ብሎ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ድረስ መጣ። ፊቱ ስገልጠው ከፊርማው ሥር በቀይና በጥቁር ቀለም፣ በሚያምር የቁም ጽሕፈት የኔኑ ስም ጠርቶ እንዲህ ይላል፦ «ይህ መጽሐፍ የደሳለኝ ነው። የሰረቀው፣ የፋቀው፣ የሸጠው ውጉዝ ይሁን።»

ለካ እኛ ዘንድ በእንግድነት የሰነበቱት የባለቤቴ አጎት፣ መሪጌታው፣ ሽፋኑ ላይ ፈረሰኛና ዘንዶ ቢያዩ የጊዮርጊስ ገድል መስሏቸው ጽፈውበታል።

«ምነው የኔታ፣ ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው።

«ስምህ የለበትም እኮ ልጄ። ይባስ ብሎ አንዱ ሞነጫጭሮበታል» አሉ፣ የደራሲውን ፊርማ እያሳዩኝ።

ሰውየው ይለቅ እንደሆነ ሊሞክር ጣቱን አስጠጋና ጽሑፉን ደግሞ ሲያነበው እጁን ሰበሰበ። «ይቅርብኝ» ብሎ ሄደ።

የኔታ በመስኮት እያዩት፣ «አየህ፣ ሊወስድብህ ነበር የመጣው» አሉኝ።

ጥርሴን ነክሼ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።