ከእንቅልፍ በፊት ያለችው ደቂቃ

ጠዋት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስወጣ፣ የታካሚ ጋውን የለበሱ እናት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ አገኘኋቸው። የአለቃዬ ታላቅ እኅት ናቸው፤ ያን ቀን የሐሞት ጠጠራቸው ሊወጣ ነበር።

«ወዴት ነው እትዬ?»

«ወደ ቤቴ። ለማሙሽ ጉንፋን ያዛት በይልኝ።»

ማሙሽ የሚሏቸው ፀጉራቸው የነጣውን የማደንዘዣ ባለሙያ፣ እኔን ሥራ የሚያስተምሩኝን አለቃዬን ጋሼን ነው።

«ምነው፣ ፈሩ?»

«ቢላዋውን አልፈራም፤ ተኝቼ ነው። ባለፈው ትርፍ አንጀቴ ሲወጣ ግን የእንቅልፉ መድኃኒት ክንዴን እንደ እሳት ለበለበኝ። ለእሱ እንዳልነግረው ይከፋዋል።»

«እኔ ልንገራቸው?»

ጫማቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ንገሪልኝ ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ።

ጋሼ መድኃኒት በሲሪንጅ እየቀዱ ነበር። የሰማሁትን ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው።

«ማቃጠሉንማ ማን ካደ?» አሉ። «ግን ታካሚው ወዲያው ይተኛል፤ ሲነቃ ረስቶታል። በዚህ ሁሉ ዓመት ማን ቅር አለው?»

«ዝም ያለ ሁሉ አልረሳም ጋሼ። እኅትዎ ጠጠራቸውን ይዘው ሊሄዱ ነው።»

ሲሪንጁን አስቀመጡት።

«ታዲያ መድኃኒቱን ልተወው?»

«አይተዉት። በእጅ ጀርባ ካለው ቀጭን ደም ሥር ይልቅ ክርን አጠገብ ያለውን ወፍራሙን እንጠቀም። ክንዱን ከላይ በላስቲክ አስረን መጀመሪያ ደም ሥሩን የሚያደነዝዝ ትንሽ ሊዶኬይን እንስጥ። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይተን ላስቲኩን እንፍታና የእንቅልፉን እናስከትል።»

«ለማደንዘዣ ማደንዘዣ!» ብለው ሳቁ። «ነገ ደግሞ ለላስቲኩም ትይኛለሽ። ቀዶ ሐኪሙስ ቆሞ ይጠብቀን?»

«ክንዱን ከሚነጥቅ ሰው ጋር ስንታገልም ይጠብቀን የለ?»

መካሪን መምከር ከባድ ነው፤ ሊቆጡኝ ነው ብዬ አቀረቀርኩ። እሳቸው ግን ተነሥተው ወደ ደረጃው ሄዱ።

«እታለም፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሙያህን የነቀፍኩ እንዳይመስልህ።»

«ብትነቅፊኝ ይሻለኝ ነበር። ነይ፤ ይቺ ልጅ የምታሳየኝ ነገር አላት።»

አልጋው ላይ ተጋድመው ላስቲኩ ታስሮ ሊዶኬይኑ ሲሰጣቸው እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆይቶ ላስቲኩ ተፈታ፤ ነጩ የእንቅልፍ መድኃኒት ገባ።

«ማሙሽ፣ አትጀምርም እንዴ? እኔ እንደሆነ ርቦኝ…»

ተኙ። ጋሼ ያልተነጠቀውን ክንድ ቀስ አድርገው አስተካከሉት።

አሁን በክፍላችን ላስቲኩ ከሲሪንጁ ጎን ይቀመጣል። ሕመሙ ከሁሉም ባይጠፋም ከብዙው ሰው ቀርቷል፤ መርፌውን ነቅሎ የሚታገለን ቀንሷል፤ ዳግመኛ ለቀዶ ሕክምና የተቀጠረም ሳይፈራ ይመጣል። አዲስ ባለሙያ «ታካሚው ይረሳዋል» ሲል ጋሼ መልሳቸው አንድ ነው፦

«እስቲ እኅትህን ጠይቃት።»