ፒያኖው ይሻላል ሲንተሳይዘሩ

ከጂንካ ወደ ቱርሚ በጭነት መኪና ስንሄድ፣ ከጎኔ የማሽላ ጆንያ ላይ ሁለት የኪነት ቡድን ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎረምሳ። ወሬ ካለ ጆሮዬ ሥራ አይፈታም።

«ጋሼ፣ ነገ መድረክ ላይ ሲንተሳይዘሩን ቢጫወቱ ይሻላል።»

«ኤሌክትሪክ ፒያኖው ምን አደረገህ? እሱ ስትነካው ይመልስልሃል። ያንተው አንዴ መለከት ነው፣ አንዴ ዋሽንት፤ የራሱ ጠባይ የለው!»

«ለስቱዲዮ ፒያኖው ይሁን። ለመድረክ ግን ከባድ ነው።»

«ገባኝ። የቀኝ እጄ ጣት ከተሰበረች ወዲህ የፒያኖውን ጠንካራ ቁልፍ መጫን እንዳቃታት አይተሃል። ቀጥሎ ጭራሽ አይጫወቱ ልትለኝ ነው።»

«ኧረ ለወገቤ ብዬ ነው! ፒያኖውን ማን ይሸከማል? እርስዎ የሚሸከሙት መነጽርዎን ብቻ!»

«ማልልኝ።»

«ወገቤን!»

«ካሴቱን ስንቀዳስ? ለስቱዲዮ ፒያኖው ነው ብለሃል።»

«የግራውን እርስዎ፣ የቀኙን እኔ እንጫወታለና።»

«በአንድ ወንበር?»

«እርስዎ ይቀመጣሉ፤ እኔ ቆሜ።»

ፉጨት እንኳን የማይሆንልኝ እኔ፣ ጉልበቴ ላይ ጣቶቼን አንድ በአንድ ሞከርኳቸው።