በአንድ ሰው ልብ የተቆለፈ ማሽን

ከመዝገብ ቤት ፋይል ታቅፌ ወደ ክሊኒካችን ላቦራቶሪ ስወርድ፣ ማሽን ክፍሉ በር ላይ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አገኘሁ። አንዱ የምርመራ ውጤት የሚቀመጥበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቁት ጋሼ ናቸው፤ ሌላዋ በቅርቡ የተቀጠረችው የኮምፒውተር ባለሙያ።

«ጋሼ፣ ትናንት ሲወጡ ማሽኑን እንዴት አጠፉት?»

«እንደ ወትሮዬ፤ ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩት። ምነው ልጄ፣ ለማጥፋትም ትምህርት ቤት ይገባል?»

«ማሽኑ ውስጥ ያለው የውጤት መዝገብ ገና እየጻፈ ነበር። የሃያ ሰባት ሰው የደም ውጤት ሳይቀመጥ ቀረ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ጠዋት አንዲት እናት የልጇን ውጤት ስትጠይቅ፣ «መብራት ሄዶ ጠፋ፤ ደሟ እንደገና ይቀዳ» ያሏት እሳቸው ነበሩ። እኔም መብራት እንዳልሄደ እያወቅሁ አጠገባቸው ቆሜ ራሴን ነቀነቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«ስናስነሣ ዲስኩ ይቀድማል፣ ቀጥሎ መዝገቡ፣ ከዚያ የውጤት ፕሮግራሙ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስናጠፋ በተቃራኒው ነው፤ መጨረሻ የተነሣው መጀመሪያ ይቆማል። ይህን ተራ በስክሪፕት እንጻፈው፤ ማሽኑ ራሱ እያነበበ ይፈጽመዋል።»

«ተራውን እኔ በልቤ ይዤዋለሁ።»

«ባለፈው ወር ሲታመሙስ? በትኩሳት እያቃሰቱ በስልክ አይደል የነገሩን?»

«ተነሣ እኮ።»

«ከሦስት ሰዓት በኋላ። በሽተኛው ሁሉ ቆሞ ነበር፣ ጋሼ።»

ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ወደ እኔ ዞሩ። «እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ? ያልጻፍኩት አቅቶኝ አይደለም። ከተጻፈ ማን ይፈልገኛል ብዬ ነው።»

እኔስ መዝገብ ቤት የፋይሎቹን ቦታ ለማንም ሳልነግር ስንት ዓመት ኖሬ የለ?

«እርስዎ ካልነገሩኝ ምኑን እጽፈዋለሁ?» አለችና ወንበር ሳበችላቸው። እሳቸው ተናገሩ፤ እሷ ጻፈች። «እዚህ ጋ እንዲጠብቅ አድርጊው፤ መዝገቡ በደንብ ሳይነሣ ፕሮግራሙ ከቀደመ ይወድቃል» ሲሏት፣ «ይህን አላውቅም ነበር» አለች። ሲያልቅ ማሽኑን በስክሪፕቱ አጥፍታ አስነሣችው። ጋሼ እጃቸውን አጣጥፈው አዩ።

«ይሻላል» አሉ።

በእርግጥም ይሻላል። ሥርዓቱ ከተጻፈ ባለሙያው ሲታመም ሥራው አብሮ አይታመምም፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ሰው ሳይጠብቅ ይነሣል፤ ስናጠፋውም የጀመረውን ጽፎ ይጨርሳል። አዲስ የመጣ ሰውም አንብቦ ይማራል።

ጋሼ ተነሥተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ ተከተልኳቸው። እናትየዋ ዳግም በተወጋው የልጇ ክንድ ላይ ጥጥ ይዛ ተቀምጣለች።

«የኔ እመቤት፣ መብራት አልሄደም። ውጤቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እኔም አውቅ ነበር» አልኩ።

ሁለታችንንም አየችን። «ለእሷ ንገሯት» አለች። «የተወጋችው እሷ ናት።»

ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ ከልጅቷ ፊት በርከክ አሉ።