ዋንካራኒ ሰባት ዓመቱን ይድፈን

ክቡራትና ክቡራን፣ የዘር ድንች ማኅበራችን አባላት፣ ለቺቻው ጠላና ለበግ ጥብሱ አመሰግናለሁ። ብርድ ልብሱንም ተቀብያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የማሳ ጠባቂ ሆኜ ስንቀጠቀጥ ያልሰጣችሁኝን፣ ቤቴ ልገባ ስል ሰጣችሁኝ። ይሁን።

«ዶን ቶሪቢዮ አርጅቶ ነው የሚወጣው» ብላችኋል። ውሸት! የምወጣው ዋንካራኒ ማሳ ድንች እንዲተከልበት አሻራዬን አልሰጥም ስላልኩ ነው። በደንባችን ያረፈ መሬት ያለ ጠባቂው አውራ ጣት አይከፈትም። ዋንካራኒ ከድንች ካረፈ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ሰባት እስኪሞላው ሦስት ይቀረዋል።

የታችኛውን ማሳ ረሳችሁት? ኢንጂነር ባልዶሜሮ፣ የእርሻ አማካሪያችን፣ አዎ አንተ፣ አታጎንብስ! «ሁለት ዓመት ዕረፍት ይበቃዋል፤ ለድንች ትሉ መድኃኒት አለኝ» አልከን። መድኃኒትህ የፈጀው የማማ ኒካስያን ዶሮዎች ነው።

ድንቹን ስንነቅል ሥሩ ላይ ከአሸዋ ያነሱ ወርቃማ ዶቃዎች ተደርድረው አየን። ማማ ኒካስያ «መሬቷ ዕንቁ አፈራች!» ብላ እልል አለች። እኔም ሞኙ ለምስጋና ቺቻ መሬት ላይ አፈሰስኩ፤ ጨፈርኩ። ለካ እያንዳንዷ ዶቃ የትል እንቁላል የታጨቀባት ከረጢት ኖራለች! በዓመቱ ያወጣነው ድንች ባቄላ አከለ።

ያ ትል በዓይን አይታይም። ድንች እስኪሸተው እንቁላሉ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። የሚጨርሰው ረሃብ ነው። አያቶቻችን ትሉን አላዩትም፤ ማስራቡን ግን ያውቁበት ነበር። ግብጦ ዝሩ፣ ገብስ ዝሩ፣ በግ አሰማሩ። ድንች ግን አይግባ!

ባለፈው ሳምንት ኢንጂነሩ ምን አለኝ? «ዶን ቶሪቢዮ፣ ማንበብ እንኳ አትችልም፤ በማታውቀው አትከራከር።»

«ትሉም ማንበብ አይችልም፤ ግን አሸንፎሃል» አልኩት።

ትሉ ያልወረሰው ማሳ ዋንካራኒ ብቻ ነው። እሱም ከሄደ ከየት ዘር ልታመጡ ነው? ከኢንጂነሩ ኪስ? እናንተም እጃችሁን አውጥታችሁ «ይታረስ» ያላችሁት፣ ታፍራላችሁ ብዬ ነበር። ጥብሱን ስትበሉ ሳያችሁ ግን ማንም አላፈረም።

ሩፊኖ፣ ከነገ ጀምሮ ጠባቂው አንተ ነህ። ወረቀቱን ጠዋት ያመጡልሃል። ትከሻህን ይመቱሃል፣ «ጎበዝ» ይሉሃል። እጅህን ከኪስህ አታውጣ።

እንግዲህ ልመርቅ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ውርጭ ማሳችሁን ይለፈው። ልጆቻችሁ ከዚህ መሬት ሳይሰደዱ ይደጉ። ለሩፊኖ ደግሞ የእኔን ግትርነት ያውርሰው።

ኢንጂነር፣ አልሰማሁህም። አሜን በል!