ሦስት ቀን የቀረው እንቁላል

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ እህቴ፤ ዶሮ አስታቅፈሽ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከእንቁላሏ ላይ አባረሻት ታውቂያለሽ? «ምን ነክቶኝ!» እንደምትይ አውቃለሁ። እትዬ የሺወርቅ ግን ሊያደርጉት ትንሽ ነበር የቀራቸው።

ነገሩ በፈረንጆቹ 2006 ናይሮቢ የሆነ ነው። እትዬ በቆሎ ነጋዴ ናቸው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሰፈራቸው ከፓርክላንድስ በማታቱ፣ በአገሩ ሚኒባስ ታክሲ፣ ተሳፍረው መሃል ከተማ ጠበቃ ዘንድ ይሄዳሉ። የበቆሏቸውን ዋጋ ያልከፈላቸው የአቶ መኳንንት ጫጩት ማስፈልፈያ ኩባንያ ሊዘጋ ነው። ሌሎቹ አበዳሪዎች ይዘጋ ብለው ፈርመዋል፤ እሳቸው ከፈረሙ በሩ ነገ ይታሸጋል።

መንገዱ ተጨናንቆ ማታቱው ሲቆም፣ አጠገባቸው ያለው ሰው ቀና ቢል የጎረቤታቸው ልጅ ማዕረግ ነው። ሕግ ተምሮ፣ የኬንያን የኩባንያ ኪሳራ ሕግ ለማደስ ረቂቅ ከሚያዘጋጁት ጋር ይሠራል። እትዬ ጉዳያቸውን ነገሩት።

«ሕጉ ደግሞ ምን ጎደለውና ነው የምታድሱት? የከሰረ ይዘጋል፣ ዕቃው ይሸጣል፣ አበዳሪ ይካፈላል። አለቀ!»

«እሱ ነው የጎደለው፣ እትዬ። ከእንግሊዝ የተወረሰ የድሮ ሕግ ነው፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው ቀይረውታል። መቅበር እንጂ ማከም አያውቅም።»

«ማከም! ሆስፒታል አደረግከው እንዴ? ሰውዬው ነገ ዛሬ ሲለኝ ነው የከረመው።»

«ያታለለ ከሆነ አዲሱም አይምረውም። መኳንንት በምን ከሰረ?»

«በሽታ ገብቶ ጫጩቶቹ አለቁበት።»

«አሁንስ ማሽኑ ውስጥ እንቁላል አለ?»

«ሞልቷል። ቅዳሜ አሥራ አምስት ቀኑ ነው ብሎኛል።»

«ዛሬ አሥራ ስምንት ሆነው ማለት ነው። ነገ በሩ ሲታሸግ መብራቱም ይጠፋል።»

እትዬ ልጅ ሆነው ሞያሌ ዶሮ አርብተዋል። «የሚፈለፈለው እኮ በሃያ አንድ ቀን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስት ቀን አይታገሡም እንዴ?»

«ማን ነው የማይታገሠው፣ እትዬ?»

«ወግድ! ነገረኛ!» አሉና ሳቃቸው መጣ።

በወንጌሉ ያላፈራችው በለስ እንኳ «ዘንድሮን ተዋት» ተብሎላት የለም፣ እህቴ?

«ብዙ አገር እንዲህ ያደርጋሉ» አለ ማዕረግ። «ኩባንያ ሲንገዳገድ ፍርድ ቤት አበዳሪዎቹን ‹ጥቂት ወር ጠብቁ› ይላል። ኩባንያውን የሚመራ ባለሙያ ይሾማል፣ የሒሳብ መዝገቡ ለሁሉም ይገለጣል። የሚድነው ይድናል፤ የማይድነው ያኔ ይዘጋል።»

«ሕጋችሁ እስኪወጣ እንቁላሉ ይጠብቃል?»

«እሱ አይጠብቅም። እናንተ ግን ተስማምታችሁ ብትጠብቁ የሚከለክላችሁ የለም።»

«ሹካ!» ብለው እትዬ በስዋሂሊ ረዳቱ ላይ ጮኹ፤ «ወራጅ አለ!» ማለታቸው ነው።

ከጠበቃው ይልቅ መኳንንት ዘንድ ሄዱ። በማግስቱ አበዳሪዎቹ ተሰበሰቡ፤ መዝገቡ ፊታቸው ተከፈተ፤ ብዙ ተጨቃጭቀው ስድስት ወር ሊጠብቁ ተስማሙ። ዓርብ ማለዳ የጫጩቶቹ ጩኸት ከግቢው ውጭ ይሰማ ነበር።

በስድስተኛው ወር እትዬ ያገኙት ግማሹን ነው፤ አልዋሽም። ግን መኳንንት ዛሬም በቆሎ የሚገዛው ከእሳቸው ነው፤ አሥራ አራት ሠራተኞችም ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አላስወጡም። ለረቂቁ የነጋዴዎች ድጋፍ ሲሰበሰብ ደግሞ መጀመሪያ የፈረሙት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ አደራሽን፣ የወደቀ ሰው በር ላይ ቁልፍ ከማንጠልጠልሽ በፊት፣ አንድ ጊዜ ገብተሽ ውስጡን እይልኝ።