ቆሎ የመረጠው መሰርሰሪያ

እኛ ጉልበት በነበረን ጊዜ፣ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ገብቶ፣ ላሊበላም ሆቴል በሆቴል ስትሆን፣ እኔ ባለ አራት እግር በርጩማ ሠሪ ነበርኩ። እና የእግሩን ቀዳዳ የምሰረስረው በእጄ ነው፤ እጄ ደግሞ አንጓው ላይ ታመመና መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጅ ሲንቀጠቀጥ ቀዳዳው ይጣመማል፣ ቀዳዳው ሲጣመም በርጩማው ይወላገዳል። ታዲያ አንዱ ባለሆቴል ያዘዘኝን ስድስት በርጩማ አስጭኖ መለሰልኝ። «ስማ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት እንጂ የሚጋልበው አዘዝኩህ?» አይለኝም! አፈርኩ። ለሚስቴም፣ «በቃ፣ ጓዛችንን ጠቅልለን ሁመራ እንውረድ፤ ሰሊጥ አጭጄም ቢሆን እንኖራለን» አልኳት።

እሷ ግን፣ «አንተ ሰው፣ መሬት ላይ ቆሞ የሚሰረስር ማሽን አለ ስትል አልነበር? እሱን ግዛና ቤት ውስጥ ትከለው። አባቴን ይዘህ ወልድያ ውረድ» አለች። አባቷ አያ ስጦታው ኩልመስክ ገበያ በሬ መራጭ ናቸው፤ እሳቸው ሳያዩለት በሬ የሚገዛ አልነበረም። «አባትሽ ስለ ማሽን ምን ያውቃሉ?» ብላት፣ «አንተስ ምን ታውቃለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው!

ወረድን። ሱቁ ውስጥ ሁለት መሰርሰሪያ ቆሟል፣ ቁመታቸው ሰው ያህላል። አንዱ ቀይ፣ አዲስ፣ ቀለሙ ፊት ያሳያል። አንዱ ግራጫ፣ ያገለገለ፣ ቀለሙ የተላላጠ። ልቤ ወደ ቀዩ ሄደች። አያ ስጦታው ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ገፋ ገፋ አደረጉና ባለሱቁን፣ «አስነሳልኝ» አሉት።

«አባባ፣ ይኼ እኮ በሬ አይደለም» ብሎ ሳቀ።

«በሬም ሳይጠመድ አይገዛም ልጄ። አስነሳው!»

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! አማቴን ሰው ፊት ዝም በሉ አልል ነገር፤ አንገቴን ደፋሁ።

ቀዩ ተነሳ። ታዲያ እሳቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን የገብስ ቆሎ ፈቱና፣ እንጨቱ የሚቀመጥበት ብረት ላይ በተኑት። ዘለለ ቆሎው! እስክስታ ወረደ! ግማሹ መሬት ፈሰሰ። «ለሚንቀጠቀጥማ ያንተ እጅ መቼ አነሰን?» አሉኝ።

ከዚያ ግራጫው ተነሳ። ቆሎው ንቅንቅ አላለም፣ እንደተቀመጠ ቀረ። ቀጥለው ደረቅ ወይራ አስበሱት፤ ቀዳዳው ቀጥ! ባለሱቁ ሳቁን ትቶ፣ «አባባ፣ የት ነው የተማሩት?» አለ። እሳቸው ቆሎውን ለቃቅመው እየቆረጠሙ፣ «በሬ ሲያርስ ትከሻው ከዋለለ ትልሙ ይጣመማል፤ ይኼም ያው ነው» አሉ። ወይ ሰው! ወይ እውቀት! ፊደል ያልቆጠሩ ሰው እኮ ናቸው፣ ትሰሙኛላችሁ?

ግራጫውን በአይሱዙ ጭነን አመጣን። እና የመጀመሪያውን በርጩማ ለባለሆቴሉ አልወሰድኩም፣ ለእሳቸው ወሰድኩ። ተቀመጡ፣ ወዲህ ወዲያ አሉ፣ በርጩማው ወይ ፍንክች! ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ምነው አባባ?»

«እኔ እኮ ማሽን ልመርጥ አልነበረም የሄድኩት» አሉ። «ሁመራ እንውረድ ማለትህን ሰምቼ ነው። ያለችኝ ልጅ አንዲት ናት።»

«እና እርስዎ ምን አሉ?» ትሉኛላችሁ።

ምን እላለሁ! ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እሳቸውም፣ «ተው፣ ተው፣ በርጩማዬን ታነቃንቅብኛለህ!» አሉኝ።