የቀሩትን ፍለጋ የወጡት ሲስተር አስካለማርያም

ሲስተር አስካለማርያም ከምድር ባቡር ሠራተኛው ከአቶ ወልደሰንበት ገብሬና ከወይዘሮ ጠጄ ዱጉማ በ1956 ዓ.ም. አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ተወለዱ። እዚያው ተምረው፣ በነርስነት ተመርቀው፣ ጥቂት ዓመታት ገጠር ካገለገሉ በኋላ በተወለዱበት ሰፈር ጤና ጣቢያ ተመደቡ። አቶ ቀናው ሀብቴን አግብተው ብሩህንና ሮዳስን ወለዱ። ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ ቀጠሮ ላፈረሰ ሰው ግን ቀልድ አያውቁም።

የሕይወታቸው ትልቁ ፈተና የመጣው አዳዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች ሰው በሞሉበት ዓመት ነው። የተከተቡትን ሕፃናት ብዛት ለማሳየት በየወሩ ግድግዳ ላይ የሚያሰምሩት መስመር ማሽቆልቆል ጀመረ፤ ብዙ ሕፃናት የመጀመሪያውን ክትባት ወስደው ለኩፍኙ ሳይመለሱ ይቀሩ ነበር። የጊዜው ኃላፊ ሪፖርቱ እንዳይበላሽ ሰግተው፣ የቀሩት ሁሉ አካባቢ እንደለቀቁ ተቆጥረው ከቁጥሩ እንዲወጡ አዘዙ። ሲስተር አስካለማርያም ግን ሕፃኑ ከቁጥር ቢወጣ ከኩፍኝ አይወጣም ብለው አሻፈረኝ አሉ። ከሥራ እንደሚነሱ በግልጽ ተነግሯቸው ነበርና ቤቱ በጭንቀት ተያዘ፤ አቶ ቀናው እንኳ ነገሩን እንዲተዉት ለምነዋቸዋል።

እሳቸው ግን የክትባት ሣጥን በትከሻቸው አንግተው፣ ባልደረባቸውን ሲስተር ሰዓዳን አስከትለው፣ በሚኒባስ እየተጋፉ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ወጡ፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ደረጃ እየቆጠሩ በር አንኳኩ። ለቀቁ የተባሉት እናቶች አብዛኞቹ እዚያው ነበሩ፤ ሥራና የታክሲ ሰልፍ ጊዜ ነስቷቸው እንጂ። ፍለጋው ሳያልቅ ኩፍኝ ገባ። በብዙ ቤት ቀድመውታል፤ በአንድ ቤት ግን ቀደማቸው፣ የዚያን ሕፃን ስም እስከ መጨረሻቸው ያነሱት ነበር። ኃላፊውም ከዚያ ለቅሶ መልስ ትእዛዛቸውን አነሱ፤ በየሰኞው ቁጥሩን አይቶ የቀረን ሰው ቤቱ ድረስ መፈለግ የጤና ጣቢያው ደንብ ሆነ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የደም ግፊታቸውን እዚያው ይከታተሉ ነበር። ባለፈው ወር አንድ ሰኞ፣ ከቀጠሮ ከቀሩት መካከል የእሳቸው ስም ወጣ። ሲስተር ሰዓዳ ሳይውሉ ሳያድሩ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ደርሰው በሩን ቢያንኳኩ፣ ሲስተር አስካለማርያም ራሳቸው ከፈቱላቸው፤ አንደበታቸው ግን ተይዞ ነበር። ሆስፒታል ገብተው ጥቂት በተፈታላቸው ጊዜ፣ ፈገግ ብለው ለሲስተር ሰዓዳ ያሏቸው «ዘግይተሻል» የሚል ነበር። ሲስተር ሰዓዳ ሆይ፣ አልዘገዩም፤ በእነዚያ ጥቂት ቀናት እኛ ልጆቻቸው እናታችንን ተሰናብተናል።

ባለቤታቸውን አቶ ቀናውን፣ ልጆቻቸውን ብሩህንና ሮዳስን፣ በእጃቸው የተከተቡ የሰፈሩን ልጆች ትተው አርፈዋል። ስንቱን በር ያንኳኩትን እኚህን እናት እግዚአብሔር ደጁን ከፍቶ ይቀበልልን። አሜን።